ስለ ሃያ ሁለት ጠመንጃ፤ በዙሪያውም ስላለው የቆዳ ሥራ ንግድ

በዓለም ገበያ ላይ የራሳቸው ዋጋ አነስተኛ ሆኖ ሳለ በዙሪያቸው ብዙ ሥራና ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ዕቃዎች አሉ። ከእነዚህም አንዱ በውጭ አገር «ሃያ ሁለት» እየተባለ የሚጠራው ቀላል የኢላማ ጠመንጃ ነው። ስለዚህ ጠመንጃ ስንጽፍ የጦር መሣሪያ ንግድ እንዲስፋፋ አስበን እንዳይደለ ክቡራን አንባቢዎቻችን አስቀድመው እንዲረዱልን እንለምናለን። አሳባችን በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ከጎፋ እስከ መካኒሳ፥ ከመካኒሳም እስከ ለቡ ድረስ ቆዳ እየቆረጡና እየሰፉ የሚተዳደሩ የእጅ ባለሙያዎች፥ ሥራቸውንም ወደ ውጭ ለመላክ የሚሹ ነጋዴዎች ጠመንጃውን ሳይነኩ ከጠመንጃው ዙሪያ ሊያገኙት ስለሚችሉት እንጀራ ለማስረዳት ነው።

ሃያ ሁለት መባሉ የአፈሙዙ ውስጠኛ ስፋት ከአንድ ኢንች መቶኛ ሃያ ሁለት፥ ማለት 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ነው። ጥይቱ ከሌሎች ጥይቶች የሚለየው ግን በማነሱ ብቻ አይደለም። በተለመደው ጥይት ተቀጣጣዩ ቅመም የሚቀመጠው በቀለሁ ቂጥ መካከል በተተከለች ትንሽ ቆብ ውስጥ ነው፤ በሃያ ሁለት ግን ቅመሙ ያለው በራሱ በቀለሁ ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ነው። የጠመንጃው መምቻ ጠርዙን ሲጨፈልቀው ቅመሙ ይቀጣጠልና ባሩዱን ያነዳል። ጠርዙ እንዲጨፈለቅ ቀለሁ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ በመሆኑም ብዙ ኃይል አይችልም። ስለዚህ ጥይቱ ደካማ፥ ድምፁ ዝቅተኛ፥ ርግጫው ከቁጥር የማይገባ ነው። የአረሩ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ 2.6 ግራም ነው።

ይህን ዓይነት ጥይት መጀመሪያ ያሰበው ፈረንሳዊው ሉዊ ፍሎበር ሲሆን ጊዜውም በፈረንጅ አቆጣጠር 1845 ገደማ ነው፤ እርሱ ያሰበው በቤት ውስጥ ኢላማ እየተኮሱ ለመጫወት ነበር። በ1857 የአሜሪካኖቹ የስሚዝና የዌሰን ኩባንያ ይህንኑ አሻሽሎ ለገበያ አቀረበው። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ረዘም ያለው ዓይነት ደግሞ በ1887 በስቲቨንስ ኩባንያ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ መልኩ አልተለወጠም ለማለት ይቻላል፤ አንድ ዕቃ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ መጠኑን ሳይለውጥ መቆየቱ ምን ያህል ንግድ እንደሚወልድ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ይህን ያህል የታወቀ ዕቃ በእኛ አገር ስለ ምን ሥር አልሰደደም? ሕዝባችን ከውጭ ለመጣ መሣሪያ ሁሉ ስም የማውጣት ልማድ አለው። ነፋስ ስልክ የሚለው የሠፈር ስም ራሱ ያለ ሽቦ በአየር ከሚሠራው ቴሌግራፍ የመጣ ነው ይባላል። የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ውጅግራ ተባለ፤ የእንግሊዞቹ ስናይደር ሰናድር፥ የኦስትሪያው ማንሊኸር ምንሽር፥ ከቤልጂግ የመጣው መውዜር በልጅግ ተባለ። ለሃያ ሁለት ግን እንደ እነዚህ በሕዝብ አፍ የተለመደ ስም አልወጣለትም። ምክንያቱን በንግድ ዓይን የተመለከተው ሰው በቶሎ ይደርስበታል።

ፈረንሳይ ውጅግራን ለሠራዊቷ ያደለችው በ1874 ሲሆን በ1886 ለበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስታስገባ አሮጌው በብዛት ለሽያጭ ወጣ፤ በቀይ ባሕር ወደቦችም በኩል ወደ አገራችን ጎረፈ። የውጅግራ ጥይት ወፍራም የናስ ቀለህ ያለው፥ ተቀጣጣዩም ቆብ በመካከል የተተከለለት ነው። ከተተኮሰ በኋላ ቆቡን ለውጦ፥ ባሩድ ጨምሮ፥ እርሳስ አቅልጦ አረር አፍስሶ እንደገና መሙላት ይቻላል። አባቶቻችንም ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ቀለህ የሚጣል ነገር ስላልነበረ ጥይት እንደ ገንዘብ ሆኖ ከማርያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን በገበያ ይገበያዩበት ነበር። በተለይ በደቡብና በምዕራብ አገሮች ዝርዝር ገንዘብ ባልነበረበት ዘመን አንዲት ጥይት የዕቃ ዋጋ ትከፍል ነበር።

የሃያ ሁለት ቀለህ ግን አንድ ጊዜ ከተመታ ጠርዙ ተጨፍልቆ፥ በውስጡ ያለውም ቅመም አልቆ ስለሚቀር ተመልሶ አይሞላም፤ ይጣላል። በሰለጠነ ፋብሪካ አገር ይህ ጉዳት አይደለም፤ አዲሱ ጥይት ርካሽ ነውና። ከወደብ ብዙ ቀን በበቅሎና በግመል ርቆ ለሚኖር ገበሬ ግን የሚጣል ቀለህ ማለት የሚጣል ገንዘብ ማለት ነበር። ስለዚህ የአገራችን ሰው የሚመለሰውን ጥይት መምረጡ ኋላ ቀርነት ሳይሆን ትክክለኛ ሒሳብ ነበር ብለን እናምናለን።

በዚያ ዘመን የጠመንጃ ንግድ ሁሉ ያተረፈ አይምሰለን። የታወቀው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ በ1887 ሸዋ በደረሰ ጊዜ ንጉሥ ምኒልክ ከጠየቀው ዋጋ ቀንሰው ገዙት፤ የሞተውም ሸሪኩ ባለዕዳዎች ከዚያው ላይ ተካፈሉበት፤ የቀረውን ሒሳብ ሐረር ሄዶ ከራስ መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው። ሸሪኩ ያለበትን ዕዳ ሳይመረምር ሸቀጥ ተረክቦ መንገድ የጀመረ ነጋዴ ዛሬም ቢሆን አልጠፋም።

ጠመንጃን እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ማሻሻልና ማስጌጥ ለእኛ እንግዳ ሥራ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ሰደፉን በናስ ምስማርና በብር ቀለበት ማስጌጥ፥ በቀይ ጨርቅ ወይም በለፋ ቆዳ ልብስ ማልበስ፥ ማንገቻውን በጥልፍ ማስዋብ፥ ዝናሩን በየጥይቱ ልክ መስፋት የታወቀ የእጅ ጥበብ ነበር። ልብ ብሎ ለሚመለከተው ሰው፥ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከብረቱ የሚበልጠውን ሥራ የሠራው አንጥረኛው ሳይሆን ቆዳ ሰፊው ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1964 ስተርም ሩገር የተባለው ኩባንያ «10/22» ብሎ የሰየመውን ጠመንጃ በ54 ዶላር ከ50 ሳንቲም አወጣ። ስሙ አሥር ጥይት የሚጐርስ ሃያ ሁለት ማለት ነው። ካዝናው ከጠመንጃው ሆድ ሳይወጣ ተደብቆ የሚቀመጥ፥ ጥይቱንም እንደ መንኰራኵር እያዞረ የሚያቀርብ ነው። ከሁሉ ይልቅ ለንግድ ያገለገለው ግን አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተያያዘበት መንገድ ነው፤ ሌሎች ጠመንጃዎች አፈሙዛቸው በጥርስ ተጠምዝዞ በብርቱ መሣሪያ ካልሆነ የማይፈታ ሲሆን፥ የዚህኛው በሁለት ብሎን ብቻ የታሠረ ስለ ሆነ ባለቤቱ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሊፈታው ይችላል።

ኩባንያው ይህን ያደረገው ለራሱ የፋብሪካ ሥራ እንዲቀል ብሎ ነበር። ውጤቱ ግን ከአሰበው በላይ ሆነ። ጠመንጃው በሚሊዮን የሚቈጠር ሆኖ በየቤቱ ገባ፤ መጠኑም ባለመለወጡ ማንኛውም ትንሽ የሥራ ቤት ለእርሱ የሚገጥም አፈሙዝ፥ ሰደፍ፥ ምላጭ ወይም የመነጽር መያዣ እየሠራ ለመሸጥ ቻለ። በአዮዋ አገር በካሮል ከተማ ያለው የቮልካርትሰን ቤት የተጠራ ስም ያገኘው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። የባለመብትነቱ ዘመን ካለፈ በኋላም ሌሎች ፋብሪካዎች በዚያው ልክ ሙሉ ጠመንጃ እስከ መሥራት ደረሱ። ዛሬ አንድ ሰው ከሩገር ፋብሪካ የወጣ አንዲት ቁራጭ ሳይኖርበት በሩገር ልክ የተሠራ ጠመንጃ ገጣጥሞ ሊይዝ ይችላል። በቼክ አገር የሚሠራው «ሲዜድ 457»ም አፈሙዙ እንዲለዋወጥ ሆኖ የተዘጋጀው ይኸው ገበያ ታይቶ ነው።

በትርፍ ጊዜያቸው ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያፈሱበትን ቅደም ተከተል ብንመለከት የሰው ጠባይ እንዴት እንደ ሆነ እንረዳለን። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከሚታየው ነው፤ ቀለም የተቀባ ሰደፍ፥ ወፍራም አፈሙዝ፥ ትልቅ መነጽር ይገዛል። የቆዩት ተኳሾች ግን በተቃራኒው ይመክራሉ። መጀመሪያ ጥይት ነው፤ አንዱ ጠመንጃ የሚስማማውን ጥይት ሌላው አይስማማውም፥ የአንድ ፋብሪካም ጥይት ከአንዱ ጊዜ ሥራ ወደ ሌላው ይለያያል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተኳሽ ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ገዝቶ በወረቀት ላይ ይፈትንና የተስማማውን፥ በሣጥኑ ላይ የታተመው የሥራ ቍጥር አንድ የሆነውን፥ በብዛት ገዝቶ ያስቀምጣል። የኢላማ ጥይት ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት እንዳያልፍ ሆኖ ይሠራል፤ አረሩ ከድምፅ በላይ ተነሥቶ በመንገድ ላይ ከድምፅ በታች ሲወርድ ይናወጣልና።

ቀጥሎ የሰደፉ ልክ ነው። ሰደፉ ለሰውየው ክንድና አንገት ካልተስማማ የቀረው ወጪ ሁሉ በከንቱ ነው፤ ልብስ ሰፊ ለደንበኛው ልክ እንደሚወስድ ሰደፍ ሠሪም ከትከሻ እስከ ምላጭ ያለውን ርቀት፥ የጉንጩንም ከፍታ ይለካል። ብረቱ በእንጨቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ካልተስተካከለ፥ ወይም እንጨቱ በዝናብ ወራት አብጦ በበጋ ከደረቀ፥ የአረሩ መውደቂያ ይዛወራል። ምላጩ ደግሞ ለስላሳና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ይህን ግን ልምድ የሌለው ሰው ቢነካካው ጠመንጃው ሳይታሰብ ሊተኩስ ስለሚችል ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። አፈሙዝ መለወጥ ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። መነጽሩን በተመለከተ ከትልቅነቱ ይልቅ የመያዣው ጥብቅነት ይበልጣል ከማለት በቀር ብዙ የምንለው የለንም።

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው ሁሉ የጠመንጃው አካል ወይም ከጠመንጃው ጋር የሚታሠር ነው። እኛን የሚመለከተው ከዚህ ውጭ ያለው ነው፤ እርሱም ተኳሹ በራሱ ሰውነት ላይ የሚያደርገው ልብስና ማሠሪያ ነው።

ሃያ ሁለት በኦሎምፒክ ጨዋታ በ50 ሜትር ርቀት፥ በመንበርከክ፥ በመተኛትና በመቆም ይተኰሳል። የኢላማው መካከለኛ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በሚተኰስበት ውድድርም ከ1978 ጀምሮ ይኸው ጥይት ሆኗል፤ በዚያ ጠመንጃው ከ3.5 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ተወስኖ ተወዳዳሪው በጀርባው አዝሎት ይሮጣል። እንዲህ ባለ ጠባብ ኢላማ ላይ የልብ ትርታ እንኳ ስለሚያስት ተኳሾች ወፍራም የሸራና የቆዳ ካፖርት ይለብሳሉ፥ ጠመንጃውን በሚደግፈው እጃቸው ወፍራም ጓንት ያደርጋሉ፥ ክንዳቸውንም በቆዳ ማንገቻ ከጠመንጃው ጋር ያስራሉ።

ይህ ልብስ በዘፈቀደ የሚሰፋ አይደለም። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የካፖርቱ ጨርቅና ገበር በአንድ ላይ ከ2.5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፥ የጓንቱ የፊትና የኋላ ውፍረት ተደምሮ ከ12 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ፥ የማንገቻውም ስፋት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኗል። ጓንቱም ከእጅ አንጓ አጥንት አልፎ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ መውጣት አይፈቀድለትም። ካፖርቱ ሲጫኑት ምን ያህል እንደሚታጠፍም በመሣሪያ ይለካል። ከውድድር በፊት ዳኞች መለኪያ ይዘው ቆመው ይመረምራሉ፤ ከልኩ ያለፈ ልብስ የለበሰ ተወዳዳሪ በዚያ ልብስ አይወዳደርም። ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል ሥራ የሚጀምር ሰው የዓመቱን እትም አግኝቶ ማንበብ አለበት።

እዚህ ላይ የአገራችን ቆዳ ጉዳይ ይመጣል። የደጋ በጋችን ሌጦ ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራ፥ ለጓንት ሥራ በዓለም የተመሰከረለት መሆኑን የቆዳ ነጋዴዎቻችን ያውቃሉ። የበሬው ቆዳ ደግሞ ለማንገቻ የተመቸ ነው። ለክፍለ ከተማችን ቅርብ ከሆነው ቄራ በየቀኑ የሚወጣው ቆዳ ግን ወደ ባለሙያው እጅ ሳይደርስ ብዙው ጥራቱን አጥቶ ይቀራል። አንዱ ምክንያት የአገፋፈፍ ጉድለት ነው፤ ቢላ ያገኘው ቆዳ ለጫማ ገበር እንጂ ለጓንት አይሆንም። ሁለተኛው በግና ፍየል ላይ በቅማልና በሌሎች ደም መጣጭ ተባዮች የሚመጣው እከክ የሚባለው በሽታ ነው፤ ቆዳው በጥሬው ደኅና መስሎ ከለፋ በኋላ ነጠብጣቡ ይወጣል። የዚህን ጉዳት ዋጋ የሚከፍለው መጨረሻ ላይ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ገዝቶ፥ ቆርጦ፥ ግማሹን ይጥላልና።

በሌላ በኩል ብዙ ጊዜ ያለቀለትን ቆዳ ለውጭ ፋብሪካ ሸጠን፥ ጓንቱ ሆኖ የተሰፋውን የውጭ ሰው ሲሸጠው እናያለን። የተኳሽ ጓንት ገበያ ከጫማ ገበያ ጋር የሚወዳደር ሰፊ ገበያ ነው አንልም፤ ጠባብ ነው። ጠባብነቱ ግን ለትንሽ የሥራ ቤት ጥቅም አለው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ለጥቂት ሺህ ጓንት ብለው መኪናቸውን አያስተካክሉም፤ ገዢውም ልኩ የተጠበቀ ሥራ እስካገኘ ድረስ ዋጋ ለመክፈል የሚያመነታ ዓይነት ሰው አይደለም። ለአንድ ጠመንጃ ከዋጋው ሁለት ሦስት እጥፍ ለማሻሻያ የሚያወጣ ሰው ለጓንቱ ይሰስታል ብሎ መገመት አይቻልም።

ሕጉን በሚመለከት ነገሩን ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን መያዝ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ ማንኛውም ቆዳ ሰፊ «ልክ ልውሰድበት» በሚል ምክንያት ፈቃድ የሌለውን ጠመንጃ በሥራ ቤቱ ማስገባት፥ አናጢውም ለሰደፍ ሥራ ብሎ መሣሪያ መቀበል የለበትም። ሰደፍ የመሣሪያው አካል ስለ ሆነ እኛ በዚህ ጽሑፍ እንደ ንግድ አናቀርበውም፤ እንጨቱም ምላጩም አፈሙዙም ለሚፈቀድላቸው ይቅሩ። ጓንት፥ ካፖርትና የክንድ ማሠሪያ ግን ጠመንጃው ባለበት ሳይሆን ደንቡ ባለበት የሚሠሩ ናቸው፤ ልኩ የሚወሰደው ከሰው እጅ ነው። የማንገቻውን ማያያዣ ብረት በተመለከተ ገዢው ራሱ እንዲልከው ወይም እንዲያስገጥመው መስማማት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ሥራውን ለሚያስቡ ባለሙያዎች ከሁሉ በፊት የምንመክረው የውፍረት መለኪያ መግዛትን ነው። በብዙ የሥራ ቤቶቻችን ውፍረት የሚታወቀው በጣት ነው፤ የአሮጌ ባለሙያ ጣት በእርግጥ ብዙ ያውቃል፥ ነገር ግን ዳኛው 12 ሚሊ ሜትር ሲል በጣቱ አይደለም። ከአንድ ቆዳ እንኳ ጀርባውና ሆዱ እኩል ውፍረት የላቸውም። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት በየቦታው ለክቶ ምልክት ማድረግ፥ ግራና ቀኙ ከተመሳሳይ ቦታ እንዲቆረጥ ማድረግ፥ ከተሰፋም በኋላ እያንዳንዱን ለክቶ ቍጥሩን በወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር መላክ ያስፈልጋል። ይህ ወረቀት ለገዢው ከማስታወቂያ ይበልጥበታል።

ሁለተኛው ችግራችን የመጀመሪያው ናሙና አምሮ መቶኛው መለወጡ ነው። የሩገር ጠመንጃ ለብዙ ሰዎች እንጀራ የሆነው እጅግ የተዋበ ስለ ነበረ አይደለም፤ የዛሬው ከትናንቱ ጋር ስለሚገጥም ነው። ሦስት ወይም አራት የሥራ ቤቶች ተባብረው በአንድ ንድፍ፥ በአንድ ዓይነት ክርና በአንድ መጠን ቢሠሩ አንዱ ብቻውን የማይችለውን ትእዛዝ ለመቀበል ይችላሉ። የነፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅን የመሰሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች በአካባቢው መኖራቸው ንድፉን ለማውጣትና ሠራተኛ ለማሠልጠን በር ሊከፍት ይችላል፤ ጠይቆ መረዳት የባለሙያዎቹ ፈንታ ነው።

የማንገቻው ነገር ከጓንቱ የተለየ ፈተና አለው። ተኳሹ ክንዱን አሥሮ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ማሠሪያው ጥቂት እንኳ ከተለጠጠ ጠመንጃው ዝቅ ይላል፥ አረሩም ዝቅ ብሎ ይወድቃል። ለዚህ ከበሬው ቆዳ የጀርባው ክፍል፥ በርዝመቱ የተቆረጠው ይመረጣል፤ የሆዱ ክፍል በጣም ስለሚለጠጥ አይሆንም። ከመሸጥ በፊት ለመፈተን ቀላሉ መንገድ፥ ማንገቻውን በምስማር ሰቅሎ፥ አንድ ሜትር ላይ ምልክት አድርጎ፥ በታቹ አሥር ኪሎ ግራም አንጠልጥሎ ማሳደር ነው። በማግሥቱ ክብደቱ ሳይወርድ ይለካል፤ ከወረደም በኋላ ደግሞ ይለካል። በሁለተኛው ልኬት ወደ ቦታው ያልተመለሰው ለቦርሳ ማንገቻ ይውላል፤ ወደ ውጭ በሚላከው ውስጥ ግን አይጨመርም።